የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን ምን ማወቅ፣ ምን መቻል ያስፈልጋል?

ብዙ ወጣቶች ስለ ፓይለትነት ሲያስቡ ቀድሞ የሚታያቸው መሪውን ይዞ አውሮፕላን ማንሳት ነው። እጅ መለማመዱ ግድ ነው። የሥራው ትልቁ ክፍል ግን ማስላት፣ ማቀድ፣ መናገርና መወሰን ነው። ይህን ከጅምሩ ያወቀ ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም በትክክለኛው ቦታ ያውላል።

1. ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ተመርመሩ

ለትምህርት ቤት አንድ ብር ሳትከፍሉ ሐኪም ጋ ሂዱ። የንግድ አብራሪ፣ ማለትም ተከፍሎት የሚያበር ሰው፣ አንደኛ ደረጃ የሚባለው የጤና ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ምርመራውን የሚያደርገው የአገሩ ሲቪል አቪዬሽን የፈቀደለት ሐኪም ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ የነርቭና የአእምሮ ጤና ይታያል። መነጽር ማድረግ ብቻውን አይከለክልም። በመነጽር የሚፈለገውን ያህል ካያችሁ ችግር የለም። ቀለም የመለየት ችግር ግን ብዙዎችን ያስቀራል፤ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ለዓመታት አብሮት ሊኖር ይችላል።

2. ፊዚክስና ሒሳብን ከልባችሁ ያዙ

የተራቀቀ ሒሳብ አይጠየቅም። የሚጠየቀው መቶኛን፣ ማዕዘንን፣ ፍጥነትንና ጊዜን ቶሎ ማስላት ነው። ፊዚክሱን ግን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ገብቷችሁ እወቁት። ለምን እንደሆነ ቦሌን ወስደን እንይ።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ነው፤ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በመደበኛው ስሌት ባሕር ጠለል ላይ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ቦሌ ላይ 0 ዲግሪ ገደማ መሆን ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢደርስስ? አየር ሲሞቅ ስለሚሳሳ፣ ከመደበኛው ለሚበልጠው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከፍታው ላይ 120 ጫማ ያህል እንጨምራለን። 25 በ120 ሲባዛ 3,000 ይመጣል። የአየር ግፊቱ መደበኛ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ቆሞ 10,600 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው።

አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ግፊቱ ይዳከማል። ስለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጭነት ወይም ነዳጅ መቀነስ ግድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ወደ ምዕራብ ሲኬድ ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ይህን ጉዞ በደንብ ታውቁታላችሁ። ከጀርባው ያለው ስሌት የአብራሪው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

3. እንግሊዝኛችሁ ከመግባባት በላይ ይሁን

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቋንቋ ችሎታን በ6 ደረጃ ይመዝናል። በዓለም አቀፍ በረራ ለመሥራት ቢያንስ 4ኛ ደረጃ ያስፈልጋል። በ4ኛ ደረጃ ያለፈ በየ3 ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል። በሬዲዮ የምትሰሙት ድምፅ የተቆራረጠና ፈጣን ነው፤ አነጋገሩም ከአገር አገር ይለያያል። ከአሁኑ ጀምሮ የተለያዩ አገር ሰዎችን እንግሊዝኛ አዳምጡ። የተሰጣችሁን ትእዛዝ ደግሞ መልሶ መናገርን ልማድ አድርጉት።

በመጋቢት 1977 ቴነሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። ኬኤልኤም የተባለው የኔዘርላንድስ አየር መንገድ አውሮፕላን መነሳት የጀመረው ፈቃድ ሳያገኝ ነበር። ረዳት አብራሪው በሬዲዮ የተናገረውን ተቆጣጣሪው ለመነሳት ተዘጋጅተው እንደቆሙ አድርጎ ተረዳው። ከዚያ ወዲህ «ቴክኦፍ» (መነሳት) የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደረገ።

4. ካፒቴኑ ሲሳሳት መናገርን ተማሩ

ለእኛ ሰው በጣም የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። በዚያው አደጋ የኬኤልኤሙ የበረራ መሐንዲስ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በድርጅቱ የታወቀ አሠልጣኝ ነበር። ወጥቷል ብሎ ቀጠለ፤ መሐንዲሱም ከዚያ በላይ አልገፋበትም።

እኛ ታላቅን አለመቃወም ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። ቤት ውስጥ ያምራል። ኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) ውስጥ ግን ዝምታ ሰው ይገድላል። ዛሬ አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን አብሮ የመሥራትና የመነጋገር ሥልጠና በግዴታ ይሰጣሉ። መናገር ማለት መዳፈር አይደለም። ያያችሁትን ንገሩ፣ መፍትሔውንም አብራችሁ አቅርቡ፦ «ካፒቴን፣ ፍጥነታችን ከሚገባው በታች ወርዷል፤ ማረፉን ትተን እንደገና እንውጣ።» መልስ ካላገኛችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ይህን በክፍል ውስጥ የቡድን ሥራም ላይ መለማመድ ይቻላል።

5. ፈቃዶቹን በየተራ አውጡ

በዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት የግል አብራሪ ፈቃድ በ17 ዓመትና በ40 የበረራ ሰዓት ይገኛል። የንግድ ፈቃድ 18 ዓመትና 200 ሰዓት ይጠይቃል፤ በተፈቀደ ተከታታይ ሥልጠና ከሆነ 150 ይበቃል። በመካከሉ ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ መብረርንና ባለ ብዙ ሞተር አውሮፕላንን ትማራላችሁ። የካፒቴንነቱ የአየር መንገድ ፈቃድ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይፈልጋል።

አገሮች ከዚህ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። አሜሪካ ለንግድ ፈቃድ በተለመደው መንገድ 250 ሰዓት ትጠይቃለች። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ለአየር መንገድ ረዳት አብራሪም ቢሆን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። ብዙዎች ሰዓቱን የሚሞሉት የበረራ አስተማሪ ሆነው ነው። ብልህ መንገድ ነው፤ ሰው ሲያስተምር ራሱም ይማራልና። አገር ቤት ያላችሁ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲን ማስታወቂያ ተከታተሉ። ከመፈረማችሁ በፊትም የሥልጠና ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

6. ለምትሠሩበት አውሮፕላን ሠልጥኑ

ፈቃድ መያዝ ቦይንግ 737 ለማብረር አይበቃም። ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የተለየ ሥልጠና አለ፤ አብዛኛው በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን መሬት ላይ በሚያስመስል መሣሪያ፣ ነው። አንዱ ከባድ ልምምድ በመነሳት ላይ ሳሉ ሞተር ሲጠፋ ነው። ቪ ዋን የሚባል የውሳኔ ፍጥነት አለ። ከእሱ በፊት ከሆነ ታቆማላችሁ። ካለፋችሁት ግን ለማቆም መንደርደሪያው ላይበቃ ስለሚችል በቀሪው ሞተር ትነሳላችሁ። አውሮፕላኑ ወደ ጠፋው ሞተር ሊዞር ሲል በእግር ፔዳሉን ረግጦ ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ያኔ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ አውሮፕላኑን መቆጣጠር፣ ቀጥሎ አቅጣጫን መያዝ፣ በመጨረሻ በሬዲዮ መናገር።

ከዚህ በኋላ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር መንገደኛ ጭናችሁ መብረር ትጀምራላችሁ። የሲሙሌተሩ ፈተና ግን በዚህ አያበቃም፤ ካፒቴንም ቢሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ይፈተናል። የወደቀ እንደገና ሠልጥኖ እስኪያልፍ ድረስ መንገደኛ ይዞ አይበርም።