ወለምታ ወይስ ስብራት? ከመታሸታችሁ በፊት

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲባል ሰምተን አድገናል። የእግሩ ግን ይታሻል ማለት ነው። እኔም አምኜ ታሽቻለሁ።

ክረምት ነው። ከሚኒባስ ስወርድ ኮብልስቶኑ ላይ ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ማታ ሰፈራችን ወዳሉ ወጌሻ ወሰዱኝ። ቅቤ ቀብተው አሹኝ፣ ሳብ ሳብ አደረጉኝ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በአራተኛው ቀን ራጅ ስነሳ የውጪው ቁርጭምጭሚት ተሰንጥቋል። ስድስት ሳምንት በጄሶ።

እግራችሁ ወለም ካለ መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ጫማችሁን አውልቁ። ሲያብጥ አልወጣ ይላችኋል።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ነው፤ ጅማቱ ነው ወይስ አጥንቱ? እብጠቱን አይታችሁ አትፍረዱ። ወለምታም ድንች አክሎ ያብጣል፣ ይጠቁራል። «ጣትህን ካንቀሳቀስክ አልተሰበረም» የሚለውንም እርሱት። እኔ ተሰንጥቄ ጣቶቼ ይጨፍሩ ነበር።

የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ዘዴ አለ። ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ በጣት ተጭኖ መለየት ነው። በግራና በቀኝ ጎላ ብለው የወጡትን ሁለቱን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ያዙ። ከጫፋቸው ጀምራችሁ በኋላ ጠርዛቸው 6 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ እየተጫናችሁ ውጡ። ከዚያ ወደ እግራችሁ ውጪ ዳር ሂዱ። በትንሿ ጣትና በተረከዝ መካከል ጉብ ያለ አጥንት አለ፤ እሱንም ተጫኑት። በመጨረሻ በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ዝቅ ብሎ ያለውን አጥንት።

አጥንቱ ላይ ስትጫኑ ካመማችሁ ወደ ራጅ ሂዱ። ከውጪው ቁርጭምጭሚት ፊትና ታች ያለው ለስላሳ ቦታ ብቻ ከሆነ የሚያመው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጅማት ነገር ነው። አንድ ፈተና ይቀራል። አራት እርምጃ ተራመዱ፤ ማነከስ ይፈቀዳል። ያኔ እንደወደቃችሁም፣ ቆይታችሁ ስትሞክሩም አራት እርምጃ ካቃታችሁ አሁንም ራጅ ነው። ይህ ዘዴ ለትናንሽ ልጆች፣ ለሰከረ ሰው፣ በስኳር በሽታ እግሩ ለደነዘዘ ሰው አይሆንም። እነሱን ዝም ብላችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱ።

እግሩ ከቦታው ዞሮ ከሆነ፣ አጥንት ከወጣ፣ ወይም ጣቶቹ ከቀዘቀዙ አትሳቡት፣ አታስተካክሉት። እንዳለ ደግፋችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ወጌሻን ለማጣጣል አይደለም። ግን ስብራት በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ይቋረጣል። እግራቸው እስከመቆረጥ የደረሱ ሰዎች አሉ።

ወለምታ መሆኑን ካመናችሁ የቀረው ቀላል ነው። በፌስታል በረዶ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ፣ በቀን የተወሰነ ጊዜ። በረዶውን ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጉት፣ ያቃጥላል። በላስቲክ ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠቅልሉ። ጣታችሁ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ፍቱት። ስትተኙ ትራስ ደርባችሁ እግራችሁን ከልባችሁ ከፍ አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የጨው ሙቅ ውኃ የለም፣ አረቄ መቀባት የለም፣ መታሸት የለም። እብጠቱን ያባብሳሉ። ውድ የእግር ማሰሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ለቀላል ወለምታ ፋሻው ይበቃል።

ሕመሙ ሲበርድ ግን አልጋ ላይ አትክረሙ። በእግራችሁ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል ጻፉ፣ ከ«ሀ» ጀምራችሁ። እኔ ጄሶው ሲፈታልኝ «ጨ» ላይ ስደርስ ነበር ዋይ የምለው።

ሰው ሁሉ የሚዘለው የመጨረሻውን ነው፤ ሚዛን መለማመድ። ጅማቱ ቢድንም እግሩ መሬቱን መተማመን ይረሳል፣ ከዚያ እዚያው ቦታ ደግሞ ወለም ይላል። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር 30 ሴኮንድ ቁሙ። ሲለምዳችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። እኔ ጥርሴን ስቦርሽ አሁንም በቀኝ እግሬ ብቻ ነው የምቆመው። ልጄ «አባዬ ሽመላ» ትለኛለች።