ከትራክተር ጀርባ ለሚጫን መሣሪያ ኤሌክትሪክ ሲዘረጋ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በስንዴ ማሳ መካከል የመርጫው ፓምፕ ይደክማል። ርጭቱ ይጠብባል፤ በኖዝልና በኖዝል (ፈሳሹ በሚረጭባቸው ጫፎች) መካከል ያለው ሰብል መድኃኒት ሳይደርሰው ያልፋል። ሁሉም የሚፈርደው ፓምፑ ላይ ነው። ያው ፓምፕ ተፈትቶ በአጭር ሽቦ ከባትሪ ጋር ሲያያዝ ግን እንደ አዲስ ይሠራል። ጥፋቱ ፓምፑ ውስጥ ሳይሆን ከባትሪው እስከ ፓምፑ ባለው መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። ያ መንገድ ደግሞ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም አለው፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው መመለሻው ሲረሳ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው በባለሦስት ነጥብ ማያያዣ ላይ የሚጫን የኬሚካል መርጫ ነው። ፓምፑ በ12 ቮልት 12 አምፔር ይስባል፣ ሁለቱ የሥራ መብራቶች 8 አምፔር ይወስዳሉ፤ በድምሩ 20 አምፔር። የዘር ወይም የማዳበሪያ መበተኛ ሞተርም ቢሆን ሒሳቡ ያው ነው።

የትራክተሩን ቮልት ሳያረጋግጡ መጀመር

አብዛኛው ትራክተር 12 ቮልት ሆኖ ኔጌቲቩ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። ከቤላሩስ ትራክተሮች መካከል ሞተሩን በ24 ቮልት የሚያስነሱ፣ ለቀረው ሥራ ግን 12 ቮልት የሚጠቀሙ ባለ ሁለት ባትሪ ዓይነቶች አሉ። በእነዚህ ላይ ሽቦው ከተሳሳተ ጫፍ ከተያዘ ፓምፑ እጥፍ ቮልት ይደርሰውና ይቃጠላል። እንደ ፈርጉሰን ቲኢ20 ባሉ የድሮ የእንግሊዝ ትራክተሮች ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይያዙ። ጤነኛና የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ይደርሳል። ሞተሩ እየሠራ 12.6 ላይ ከቆመ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፤ እሱ ሳይስተካከል ተጨማሪ ጭነት አይጫንበትም።

ከኋላ መብራት ሶኬት ላይ መጥለፍ

ባለ 7 እግሩ የተጎታች ሶኬት ለመብራት ብቻ የተሠራ ነው። 1ና 4 ቁጥር የግራና የቀኝ ፍሬቻ፣ 5ና 7 የኋላ መብራቶች፣ 6 የፍሬን መብራት፣ 3 ደግሞ የጋራው ኔጌቲቭ ናቸው። የመብራቶቹ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ፓምፑን ከ5 ወይም ከ7 ቁጥር ላይ ሲጠልፉት ፊውዙ ይቃጠላል፤ ከፊውዙ ጋር የኋላ መብራቱም ይጠፋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አመሻሽ ላይ ትራክተሩ መንገድ ከወጣ በኋላ ስለሆነ አደጋው ቀላል አይደለም።

አንዳንድ ትራክተሮች ለሥራ መሣሪያ የተዘጋጀ ባለ 3 እግር ሶኬት አላቸው። በሁለቱ ወፍራም እግሮች እስከ 25 አምፔር ይወሰዳል። 82 ተብሎ የተጻፈበት ሦስተኛው እግር ከቁልፉ ጋር የሚበራና 5 አምፔር ብቻ የሚችል ነው፤ ለመቆጣጠሪያ እንጂ ለፓምፕ አይሆንም።

ሽቦውን በዓይን መምረጥ

ብዙ ጊዜ የሚሰማው «2.5 ይበቃዋል፣ የቤት ሶኬት እንኳ በእሱ ይሠራል» የሚል ነው። በ220 ቮልት መስመር 1.4 ቮልት ቢጠፋ ማንም አያስተውለውም። በ12 ቮልት ግን ከመቶ አሥር እጅ በላይ ጠፋ ማለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የመዳብ ሽቦ መቋቋም በሜትር 0.0175 ኦም ሲሆን ይህ በሽቦው ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ይካፈላል። ከባትሪው እስከ መርጫው 5 ሜትር ከሆነ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ነው። በ20 አምፔር፣ 2.5 ካሬ ሽቦ 1.4 ቮልት ይበላል፤ 6 ካሬ ወደ 0.6 ቮልት፤ 10 ካሬ 0.35 ቮልት። እኛ ለዚህ ጭነት ከ6 በታች አንመክርም፤ ባትሪው ከፊት ላለና መንገዱ 7 ሜትር ለሚደርስ ትራክተር 10 ይግዙ። 5 ሜትር ብሎ መቁረጥም ስህተት ነው፤ የሚለካው በቀጥታ ሳይሆን ሽቦው በሚጠማዘዝበት መንገድ ነው።

ቮልት ሲወርድ የፓምፑ ሞተር ፍጥነት ይቀንሳል፣ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። ግፊቱ ሩብ ሲሆን ከኖዝሉ የሚወጣው ፈሳሽ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ግን የርጭቱ ማዕዘን ይጠብባል። በአርሲና በባሌ የስንዴ ዋግ ሲነሳ ጸረ ፈንገስ ለሚረጭ ገበሬ ይህ በሄክታር ያሰበውን መጠን አለማግኘት ነው፤ መድኃኒቱም ጉልበቱም ተከፍሎበት በሽታው በመስመር በመስመር ይቀራል።

ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት፣ ለመኪና የሚሆን መሆን አለበት። የቤት ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ባለ አንድ ክር ደረቅ ሽቦ በትራክተር ንዝረት ውስጡ ይሰበራል፤ ከላይ ያለው ፕላስቲክ ደህና ስለሚመስል ስብራቱን መፈለግ ቀን ይፈጃል።

ኔጌቲቩን ለብረቱ አደራ መስጠት

ይህን ከሁሉም በላይ እንቃወማለን። መርጫው ብረት፣ ትራክተሩም ብረት ስለሆነ ፖዘቲቩን ብቻ ስቦ ኔጌቲቩን ከመርጫው ፍሬም ጋር ማሰር ለጊዜው ይሠራል። ፓምፑ የሚዞረው ግን የማያያዣው ክንዶችና ፒኖች እስከተነካኩ ድረስ ነው። ፒኑ ላይ ግራሶ፣ ቀለም፣ ዝገትና የደረቀ መረሬ ጭቃ አለ። መሣሪያው ከፍ ሲል ይነካካል፣ ዝቅ ሲል ይላቀቃል፤ ፓምፑም አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይደክማል። ይባስ ብሎ፣ በፒኖቹ ማለፍ ያልቻለው ኤሌክትሪክ በፒቲኦ ዘንግ (የሞተሩን ጉልበት ለመሣሪያው በሚያስተላልፈው) እና በኩሽኔታዎቹ በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ በኩሽኔታ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ደግሞ ኳሶቹንና መንገዳቸውን እየቆነጠረ ያበላሻል።

መፍትሔው ኔጌቲቩንም እንደ ፖዘቲቩ በራሱ ሽቦ፣ በእኩል ውፍረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ መውሰድ ነው። የግድ ከቦዲ ላይ ማሰር ካስፈለገ ወፍራም ቡሎን ይምረጡ፣ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ፣ ካፖኮርዳውን (የሽቦውን ጫፍ የሚይዘውን ብረት) በባለ ጥርስ ሮንዴላ ያጥብቁ። ግራሶ ወይም ቫዝሊን የሚቀባው ከጠበቀ በኋላ፣ ከላዩ ነው።

ፊውዙን መርጫው ላይ ማስቀመጥ

ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው። ፊውዙ መርጫው ላይ ከሆነ ከባትሪው የሚነሳው አምስት ሜትር ሽቦ ጠባቂ የለውም። የሆነ ቦታ ተፍቆ ብረት ሲነካ ኮንታክቱ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ ሽቦው ራሱ እንደ ምድጃ ሽቦ ይግላል፤ አጠገቡ ናፍጣና ገለባ አለ። ዋናውን የ30 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያድርጉ። መርጫው ላይ ደግሞ ለፓምፑ 15፣ ለመብራቶቹ 10 አምፔር ለየብቻ ይግጠሙ።

ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ የሚታየው የተዘጋ ማጣሪያ፣ የተጣበቀ ፓምፕ ወይም የተላጠ ሽቦ ነው። ትልቅ ፊውዝ መተካት ወይም በሽቦ ማገናኘት ቃጠሎውን ከፊውዙ ወደ ትራክተሩ ማዛወር ነው።

ሙሉውን ጭነት በማብሪያው ማሳለፍ

በመሪው አጠገብ ያለችው ትንሽ ማብሪያ 20 አምፔር ስትሸከም ውስጧ ይቀልጣል። በተጨማሪም ወፍራሙ ሽቦ እስከ ሾፌሩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ ይረዝማል። ባለ 40 አምፔር ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ይጠቀሙ፦ 30 ቁጥር ከዋናው ፊውዝ፣ 87 ወደ መርጫው፣ 86 ከማብሪያው፣ 85 ወደ ኔጌቲቭ። በማብሪያው የሚያልፈው ወደ 0.2 አምፔር ብቻ ስለሆነ 1 ካሬ ሽቦ ይበቃዋል። ማብሪያው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በትንሽ ፊውዝ በኩል፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ መስመር ይሁን፤ አለዚያ ሾፌሩ ረስቶት ሲወርድ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ሪሌዩ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ይታሰር፤ ውሃ አይጠራቀምበትም።

ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል

ናስትሮ በሙቀት ሙጫው ይለቃል፣ የክረምት ውሃ ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። ካፖኮርዳውን በልኩ በሆነ መጭመቂያ ፒንሳ ይጨምቁ፤ በመዶሻ መምታት ክሮቹን ይቆርጣል እንጂ አይዝም። በሊድ መበየድ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊዱ የሚያበቃበት ቦታ ደረቅ ስለሚሆን ንዝረት እዚያው ላይ ይሰብረዋል። ከተጨመቀ በኋላ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይልበስ።

የሚንቀሳቀሰውን ክፍል መርሳት

ማያያዣው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ፒቲኦው በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ሽቦውን ከማሰርዎ በፊት መሣሪያውን እስከ መጨረሻው ከፍ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። ትርፉ ገመድ ከላይኛው ክንድ በላይ ይንጠልጠል፤ ወደ ፒቲኦው በፍጹም አይውረድ። ዘንጉ ገመድ ከያዘ ሶኬቱን ነቅሎ ይሄዳል፤ በአጠገቡ የቆመ ሰውም ከአደጋ አያመልጥም። ከማርሚታ ያርቁት፣ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ የጎማ ቀለበት ይግባበት።

በትራክተሩ በኩል የሚቀረው የስፒና ክፍል እግሮቹ የተሸፈኑ ሴቴው መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ ያለው እሱ ነውና፣ መርጫው ሲነቀል ራቁታቸውን የቀሩ እግሮች ብረት ቢነኩ ኮንታክት ነው። ክዳን ይኑረው።

ባትሪው ሳይፈታ መበየድ

የመርጫው ፍሬም ሲሰበር፣ ከመበየድዎ በፊት ስፒናውን ይንቀሉ፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ይፍቱ፣ ሲመልሱ መጨረሻ ይሰሩ።

ሳይለኩ መጨረስ

ፓምፑ መዞሩ ሥራው ትክክል ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሞተሩ እየሠራ፣ ታንኩ ውሃ ይዞ፣ ኖዝሎቹ እየረጩ፣ መብራቶቹም በርተው ይለኩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በፓምፑ ፖዘቲቭ ላይ ያሳርፉ፤ የሚታየው ቁጥር በመሄጃው የጠፋው ቮልት ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ኔጌቲቮች እንዲሁ ይለኩ። በ6 ካሬ ሽቦ እያንዳንዱ 0.3 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። አንዱ ከ0.5 ካለፈ በዚያው መስመር ላይ ከባትሪው ጀምረው ቴስተሩን ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ያሻግሩ፤ ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ላይ ያለው ካፖኮርዳ ወይም ስፒና ተፈትቶ እንደገና ይሠራ።