በተማሪዎች የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎች ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ተማሪዎች ሥነ ጥበብን፣ እጅ ሥራንና ምህንድስናን አጣምረው የሚሠሯቸውን ቅርጻ ቅርጾች ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ ተከላው ቀን ድረስ ለዓመታት ተከታትያለሁ። ብዙዎቹ የሚያኮሩ ነበሩ። የተበላሹት ደግሞ የተበላሹት በችሎታ ማነስ ሳይሆን አስቀድሞ ቢታወቁ በቀላሉ ሊወገዱ በሚችሉ ስህተቶች ምክንያት ነው።

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ሦስቱን ሙያዎች በተራ ማሰለፍ ነው። ሠዓሊው ንድፉን ጨርሶ ለበያጁ ይሰጣል፤ በያጁ እንደተመለከተው ይሠራል፤ ሥራው ሲወዛወዝ ደግሞ ስሌት የሚያውቀው ተማሪ «እንዲቆም አድርግልን» ተብሎ ይጠራል። በዚያ ሰዓት የሚጨመር ብረት ሁሉ ቅርጹን የሚያበላሽ ድጋፍ ከመሆን አያልፍም። በጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግን እንዲህ ሲያደርጉ አይታዩም። የእስሩ ውፍረት፣ የገመዱ ጥብቀት፣ የታንኳው መንሳፈፍና የአፍንጫው ወደ ላይ መቅናት በአንድ እጅና በአንድ ጊዜ የሚወሰኑ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱ ተማሪዎች ገና በወረቀት ላይ አንድ መስመር ሳይሰመር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ማኬቱ፣ ማለትም አስቀድሞ የሚሠራው ትንሽ ናሙና፣ ስለቆመ ትልቁም ይቆማል ብሎ ማሰብ ነው። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦና የጀሶ ማኬት ሁሉም መጠኑ በእኩል አድጎ፣ ከዚያው ቁሳቁስ 3 ሜትር ሆኖ ቢሠራ ቁመቱ 10 እጥፍ፣ እግሩ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት 100 እጥፍ፣ ክብደቱ ግን 1,000 እጥፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የእግር ብረት የሚሸከመው ጫና ከማኬቱ ጋር ሲነጻጸር 10 እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ማኬት ለዓይን እንጂ ለጥንካሬ ምስክር አይሆንም፤ ለጥንካሬው ክብደትን መደመር ያስፈልጋል። ስሌቱም ከባድ አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ገደማ፣ አርማታ ደግሞ በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የያዘ ተማሪ የሥራውን ክብደት በግማሽ ሰዓት ውስጥ በግምት ሊያገኝ ይችላል።

ክብደቱ ቢታወቅም እንኳ ነፋስ ይረሳል፤ እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን በዝርዝር ልናገር። አንድ የተማሪዎች ቡድን ክንፉን የዘረጋ ትልቅ የውኃ ወፍ ሠርቶ ነበር። ክንፎቹ ወደ 4 ካሬ ሜትር የሚጠጉ ላሜራ ሲሆኑ የቆሙት ከቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ ከሆነ የብረት ዘንግ፣ በተሠሩ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ላይ ነበር፤ ውበቱም ያረፈው በእነዚያ እግሮች ቅጥነት ላይ ነበር። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ55 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚስተካከል ግፊት ያሳርፋል፤ በዚህ ወፍ ላይ ሲሰላ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ይሆናል። በግንቦት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሚነሣው ነፋስ በኋላ ሄጄ ቁርጭምጭሚቱን በእጄ ዳሰስኩት። ብየዳው ራሱ ደህና ነበር፤ ስንጥቁ የጀመረው ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ፣ ፀጉር በሚያህል መስመር ሲሆን ቀለሙ ተሰንጥቆ ቡናማ የዝገት ውኃ ወደ ታች ወርዶ ደርቆ ነበር። ብረቱ የተሰበረው በአንድ ኃይለኛ ግፊት ሳይሆን ለሳምንታት ወዲያና ወዲህ በመታጠፍ ነው። መፍትሔውን ያገኘችው የሥነ ጥበብ ተማሪዋ ነበረች። ወፉን በብረት በተሠሩ የደንገል አገዳዎች መካከል አቆመችው፤ ከአገዳዎቹ ሦስቱ ወፍራም ቧንቧ ሆነው ክንፉን ከሥር ተሸከሙ፤ የወፉም እግር እንደ ቀጠነ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ለእያንዳንዱ አዲስ ቡድን አሳያለሁ፤ ድጋፉ ራሱ የቅርጹ አካል ሆኖ ያየሁበት ነውና።

መሠረትን በተመለከተ የሚሠራው ስህተት ከየትኛውም ጕድጓድ አንድ ዓይነት ጥልቀት መጠበቅ ነው። በብቸና አካባቢና በሌሎችም የምሥራቅ ጎጃም ሜዳዎች የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ በጥልቀት ሳይቆፈር የፈሰሰ አርማታ ከአንድ ዓመት በኋላ ዘንበል ማለቱ አይቀርም። ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በተጠቀጠቀ ጠጠር መተካት ወይም ከሚያብጠው ንብርብር በታች መውረድ ያስፈልጋል።

የተለያዩ ብረቶችን እንዳይነካኩ የሚያደርግ መለያ በመካከላቸው ሳያስገቡ ማጋጠምም ብዙ ሥራ አበላሽቷል። መዳብ ወይም አሉሚኒየም ከተራ ብረት ጋር ተነካክቶ ውኃ ሲያገኘው ከሁለቱ አንዱ በፍጥነት ይበላል። ለዚህ በዓለም ላይ ትልቁ ትምህርት የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት ነው። ቀራጺው ባርቶልዲ 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የመዳብ ቆዳ ሲነድፍ የውስጡን የብረት አጽም መሐንዲሱ ኤፍል ሠራለት፤ ሐውልቱም እ.ኤ.አ. በ1886 ተመረቀ። በመዳቡና በብረቱ መካከል መለያ ተደርጎ ነበር፤ መለያው ግን በጊዜ ብዛት አለቀና ብረቱ እየዛገና እያበጠ የያዘውን መዳብ መግፋት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው እድሳት ቆዳውን የሚይዙት የብረት ዘንጎች በማይዝግ ብረት ተተኩ። ለተማሪ ሥራ በብሎኑ ዙሪያ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ክብ ማስደገፊያ) እና ቱቦ ማስገባት በቂ ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ብር ነው።

በእንጅባራ ደጋ የሚበቅለው ቀርቀሃ ቀላል፣ ጠንካራና ርካሽ በመሆኑ ተማሪዎች ይወዱታል፤ እኔም እንዲጠቀሙበት አበረታታለሁ። ሆኖም እንደ ብረት ቱቦ ሊቆጥሩት አይገባም። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርቀሃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በክረምት የተቆረጠው ደግሞ ለነቀዝ ይመቻል። ሚስማር በቀጥታ ከተመታበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጠቃል። መጋጠሚያውን ወደ አንጓው አስጠግቶ፣ በመሰርሰሪያ በስቶ፣ በላዩ ላይ በገመድ ወይም በጠፍር አጥብቆ ማሰር ይገባል። ይህን በአካባቢው የቀርቀሃ ወንበር ከሚሠሩ አባቶችና ወንድሞች ዘንድ ሁለት ቀን ተቀምጦ መማር ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

የሚንቀሳቀስ ክፍል ያለው ሥራ ከሆነ ብረት በብረት ላይ እንዲሽከረከር ማድረግ ከአንድ ወር አያሳልፍም። ኩሽኔታ፣ ማለትም መሽከርከርን የሚያቀልል ቀለበት፣ ይግባለት፤ ኩሽኔታው ከዝናብ ይከለል፤ ግራሶ (ማለስለሻ ቅባት) የሚጨመርበትም መንገድ ይተውለት።

የምረቃ ቀን ሲደርስ የሚፈጠረው ጥድፊያ በተለይ በሲሚንቶ ሥራ ላይ ይከፋል። አርማታ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ መጠጣት አለበት። በሦስተኛው ቀን ቅርጹን የሰቀሉበት መሠረት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። በወንፊት ሽቦ ላይ ሲሚንቶ ለሚለስኑም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ልስኑ በጣም ከሳሳ እርጥበት ሽቦው ድረስ ይገባል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ፊቱን ከውስጥ ገፍቶ ያራግፈዋል።

ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መበየድ ፈጽሞ አይገባም። ጭሱ በዚያው ምሽት እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። ቅቡን በግራይንደር አንሥቶ፣ አየር በሚነፍስበት ደጅ፣ ተገቢውን ጭምብል አድርጎ መበየድ ነው።

በመጨረሻ የማነሣው ውኃን ነው፤ የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነውና። ተማሪዎች ቱቦላሬውን ዙሪያውን በመበየድ የዘጉት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን መርፌ በምታስገባ ቀዳዳ እንኳ ውኃ ይገባል፤ መውጫ ስለሌለውም ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ባዶ ክፍል ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ማፍሰሻ ገና ሥራው ሳይቆም መብሳት፣ ጠርዙንም በጸረ ዝገት ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ቀዳዳ ሳይበጅለት ለቆመ ሥራ ደግሞ በመስከረም መጀመሪያ ላይ እግሩን ከላይ ወደ ታች በመዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነው። ባዶው ክፍል ይጮኻል፤ ድምፁ በድንገት ከደነቆረበት ቦታ ጀምሮ ውኃ አለ፤ ከዚያ በታች ይበሳ።