ከወሎ ተነሥቶ ሞምባሳ ለመሄድ፦ ባሕር ለማያውቅ መንገደኛ

ኬንያ የኢትዮጵያን ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቪዛ አትጠይቅም። ስለዚህ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ለሚነሣ፣ የሕንድ ውቅያኖስን ለማየት የሞምባሳው መንገድ ይቀላል። መንገደኛን የሚያስቀረው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አለመያዝ ነው። ክትባቱ የሚታሰበው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ አዲስ አበባ ደርሶ መወጋት ዋጋ የለውም። አንዴ ከተከተቡ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ኦንላይን መመዝገብ ያስፈልግ እንደሆነ ቲኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ።

ወቅቱን በኛ አቆጣጠር እንየው። በሚያዝያና በግንቦት ከባድ ዝናብ አለ፤ ይቅርብዎ። ሐምሌና ነሐሴ፣ ወሎ ክረምት ሲሆን፣ እዚያ አየሩ ለስለስ ይላል፤ ነገር ግን የደቡቡ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፣ የባሕር ሣርም አሸዋው ላይ ይከምራል። ጥርት ያለና የረጋ ውኃ የሚገኘው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ያኔ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ያልፋል፤ ወበቁ ደግሞ ለደጋ ሰው ከሙቀቱ ይብሳል።

ጋቢውን ቤት ይተዉት። ባቲና ከሚሴ የሚታገለደመውን ሽርጥ ግን ይያዙ፤ እዚያም ወንዱ ኪኮይ የሚለውን የሱኑ ዓይነት ያገለድማል። አገሩ ወባማ ስለሆነ የመከላከያ መድኃኒት ከሐኪም ይጠይቁ። በሶና ቆሎ ቢይዙ በፌስታል አይቋጥሩ፤ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም።

ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፦ ሻንጣዎች መሬት ላይ በረድፍ ይደረደራሉ፣ ውሻ እያሸተተ ያልፋል፣ ከዚያ ደግሞ በማሽን ይፈተሻሉ። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በስዋሂሊ ሲቀጣጠሩ ግን እነሱም እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፤ የባጃጅ ነጂው በስዋሂሊ «የጠዋት ሁለት» ካለዎት የኛው ሁለት ሰዓት ነው። ለሲም ካርድና ለኤም-ፔሳ ፓስፖርት ይበቃል፤ ትንሹም ሱቅ ሳይቀር በሱ ይቀበላል።

ወደ ዲያኒ የባሕር ዳርቻ ለመሄድ በሊኮኒ ጀልባ ይሻገሩ፤ ለእግረኛ ነፃ ነው። ማዶ እስከ ኡኩንዳ ከተማ ማታቱ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ)፣ ከዚያ ባጃጅ ይያዙ።

አሁን ዋናው ነገር። ሐይቅን የለመደ ሰው ውኃው ጠዋት ያየው ቦታ ማታም የሚያገኘው ይመስለዋል። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም፤ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሆቴል እንደገቡ የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ይጠይቁ። ለመዋኘት ሙላት፣ በኮራሉ (ከባሕር ፍጥረታት በተሠራው ዐለት) ላይ ለመራመድ ጉድለት ይመረጣል። ሲራመዱ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ፤ ከድንጋዩ ሥር ያለው ጥቁር እሾሃም የባሕር ፍጥረት ከወጋ እሾሁ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ውኃው መመለስ ሲጀምር ደግሞ መጀመሪያ የሚሞላው ከኋላዎ ያለው ጎድጓዳ ነው፤ ፊት ለፊትዎ ደረቅ ስለሆነ አይዘናጉ፣ ጉድለቱ ጫፍ ሳይደርስ ወደ አሸዋው ይመለሱ።

ምግብ አያስቸግርም። ሙስሊሙ ሐላል ሥጋ በየደረሰበት ያገኛል። ጿሚው በኮኮናት ወተት የተሠራውን የእርግብ አተር ወጥ፣ ምባዚን፣ ይዘዝ፤ አብሮት የሚመጣው ማሃምሪ ዳቦ ግን ወተት ወይም እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል ይጠይቅ። በአሮጌው ከተማና ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. በሠሩት ምሽግ፣ በፎርት ጂሰስ፣ አካባቢ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። አሸዋው ላይ ዛጎልና ኮራል የሚሸጥልዎ አይጠፋም፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነውና ገንዘብዎን ለኪኮይ ያውሉት።