የልጃችሁን አስተሳሰብ በሁለት ብርጭቆ ውሃ እዩት

ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ቀዳሁ። ጎንበስ ብላ አንድ ዓይኗን ጨፍና አስተያየቻቸውና «እኩል ናቸው» አለች። ዓይኗ እያየ የአንዱን ውሃ ወደ ቀጭን፣ ረጅም ብርጭቆ ገለበጥኩት። «አሁንስ?» አልኳት። «ይሄ ይበዛል!» ጠብታ እንዳልጨመርኩ አይታለች።

ሙከራው የስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የዣን ፒያዤ ነው። አብዛኞቹ ልጆች 6 ወይም 7 ዓመት እስኪሆናቸው ከፍታው ብቻ ነው ዓይናቸው ውስጥ የሚገባው። ቁመትና ስፋትን አንድ ላይ ማመዛዘን ገና ነው።

እናንተም ስትሞክሩት ለማረም አትቸኩሉ። «እንዴት አወቅሽ?» በሉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የኔዋ ጣቷን ውሃው የደረሰበት ላይ አድርጋ «እዚህ ድረስ መጥቷላ!» አለችኝ። ያኔ ነው ምን እያሰበች እንደሆነ ቁልጭ ብሎ የታየኝ።

ጥያቄውን ግን አትደጋግሙ። እኔ «እርግጠኛ ነሽ?» እያልኩ ስጨቀጭቃት ትክክል የመለሰችውንም መቀየር ጀመረች። ትልቅ ሰው ደጋግሞ ሲጠይቀው ልጅ የተሳሳተ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፤ በተመሳሳይ ሙከራ አንዴ ብቻ የተጠየቁ ልጆች ሁለቴ ከተጠየቁት የተሻለ መልሰዋል።

ልጃችሁ ገና ሕፃን ከሆነ የሚወደውን አሻንጉሊት በጨርቅ ሸፍኑበት። 8 ወር ገደማ ሲሆነው ጨርቁን ገልጦ ይፈልገዋል። ከዚያ በፊት ግን ብዙዎቹ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ የብስኩት ካርቶን ውስጥ እርሳስ ክተቱ። ከፍቶ ይይ፤ ከዚያ ዝጉት። «እህትህ ሳትከፍተው ብታየው፣ ውስጡ ምን ያለ ይመስላታል?» በሉት። የሦስት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «እርሳስ» ይላል። እሱ ያወቀውን ሁሉም ያወቀው ይመስለዋል። 4 ዓመት ካለፈው በኋላ ግን «ብስኩት» ማለት ይጀምራል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ሰው ሌላ ሐሳብ ሊኖረው እንደሚችል የገባው ልጅ ማየት ልብ ይነካል።

መልሱን ለማስጠናት አትድከሙ። ሳፋ ውሃ፣ ሰፊና ጠባብ ዕቃ ስጧቸውና ይገልብጡ። ከወራት በኋላ እንደገና ሞክሩ። ልጄ ስድስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ያንኑ ረጅም ብርጭቆ አመጣሁ። ትንሽ አየችውና «መልሰሽ ብትገለብጪው እኮ ያው ነው» አለችኝ።