የትንሣኤ ልማድ «ከአረማውያን የመጣ ነው» ሲባል እንዴት እንመርምረው?

ሁዳዴ ሲጋመስ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሞጣ ወጣቶች በስልክ የሚቀባበሉት ወሬ አለ፤ የትንሣኤ በዓል ኢሽታር ለምትባል ጣዖት ይከበር የነበረ ነው የሚል። ይህን ይዞ ወደ ቤት የመጣን ልጅ መቆጣትም ሆነ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አይበጅም፤ አብሮት ተቀምጦ መመርመር ይሻላል።

አስቀድሞ፣ ነገሩን ማን እንደጻፈው ይጠየቅ። ኢሽታር የመስጴጦምያ የፍቅርና የጦርነት አምላክ ነበረች፤ እርሷን ከትንሣኤ ጋር አያይዞ በሰፊው ያስነገረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የስኮትላንድ ሰባኪ አሌክሳንደር ሂስሎፕ ነው፤ ማስረጃውም በዋነኛነት «ኢሽታር» ከትንሣኤ የእንግሊዝኛ ስም ከ«ኢስተር» ጋር መመሳሰሉ ነው። ከእርሱ ይልቅ ክብደት ያለው የእንግሊዛዊው መነኩሴ የቤዳ ቃል ነው። ቤዳ በ725 (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዘመን አቆጣጠር ሲጽፍ፣ እንግሊዛውያን ቀድሞ ኤዎስትሬ ለተባለች አምላክ በሚያዝያ ገደማ በዓል ያደርጉ እንደነበርና ስሙ ለትንሣኤ እንደተላለፈ ጠቅሷል፤ በምዕራቡ ዓለም የትንሣኤ ምልክት ስለሆኑት ስለ ጥንቸልና ስለ እንቁላል ግን ያለው ነገር የለም። እንቁላሉንማ ሁዳዴን የሚጾም ሰው ለመረዳት አይቸገርም፤ በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ክርስቲያኖችም በጾም እንቁላል ስለማይበሉ፣ ዶሮዎቹ የጣሉት ተጠራቅሞ ለበዓል ይደርስ ነበር።

ቀጥሎ፣ ልማዱ የማን እንደሆነ ይለይ። የቤዳ ምስክርነት የእንግሊዞችን ስም እንጂ የእኛን ፋሲካ አይነካም፤ የእኛ ከአይሁድ ፋሲካ የተወረሰ ነው። ቀዳም ስዑር ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ የሚያድሉት ቄጤማም ርግብ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ልጁ ይህን ከወላጆቹ ከሚሰማ፣ ራሱ ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ «አባቴ፣ ይህ ሥርዓት ምንን ያመለክታል?» ብሎ ቢጠይቅ ይመረጣል።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ጥያቄ፣ ጥንት የሌላ አምልኮ የነበረ ነገር ዛሬም የዚያው ነው ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጎጃም ከእንግሊዝ የተሻለ ምሳሌ አለው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሰከላ ደርሶ ግሽ ዓባይን ሲያይ፣ የአካባቢው አገዎች ለምንጩ መንፈስ ጊደር ይሠዉ እንደነበር ጽፏል። ዛሬ እዚያው ምንጭ ላይ ሰው የሚጠመቀው በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ነው፤ የቀድሞው መሥዋዕት ታሪክ መሆኑን የሚክድ ባይኖርም፣ በዚያ ምክንያት ከጠበሉ የቀረ ሰው አላውቅም። ስለዚህ መነሻ ለታሪክ አጥኚ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአማኙ ግን የሚፈርደው ሥርዓቱ አሁን በማን ስም እንደሚፈጸም ነው።

ይህ መለኪያ የውጭውን ጥንቸል ቢያሳልፍም የቤታችንን ጉድ ግን አያሳልፍም። ለፋሲካ የምትታረደው ዶሮ በሥላሴ ስም ተባርካ ለቤተሰብ ከተሠራች ነውር የለባትም፤ ገብስማ ናት ወይም ቀይ ናት ተብላ መልኳ ተመርጦ ለዛር ወይም ለውቃቢ ከታረደች ግን፣ በበዓሉ ቀን መሆኑ ነገሩን አያነጻውም። ስለ ኢሽታር አጥብቆ የሚከራከር ሰው ይህንን በጓዳው ሲያልፈው ማየት ያስገርማል።

በመጨረሻም፣ ከቤተሰብ አንዱ ተመርምሮም ልቡ ካልተቀበለው አይገደድ። ቅዱስ ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 በገበያ የሚሸጠውን ሳይመረምሩ መብላት እንደሚቻል፣ ሆኖም አንድ ሰው «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ቢል ስለዚያ ሰው ኅሊና ሲባል መተው እንደሚገባ አዝዟል። በዚህ መሠረት ዶሮ ሻጩ «ይህች ለዛር የምትሆን ናት» ካለ፣ ገዢው ባያምንበትም እርሷን ትቶ ሌላ ይግዛ።