ፕሪንተሩ የት ገባ? አርፕን በቀላሉ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት። ፕሪንተሩ አንዴ ያትማል፣ አንዴ ዝም ይላል። ሙቀቱ ነው አሉ፤ የድሬ ሰው መቼም ሁሉን በሙቀት ያሳብባል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን አይፒ (በኔትወርኩ ላይ የተሰጠውን ቁጥር) ቢያውቅም ዳታውን የሚያደርሰው በማክ አድራሻ (ከዕቃው ጋር በሚመጣው መለያ ቁጥር) ስለሆነ፣ መጀመሪያ «192.168.1.20 የማን ነው?» ብሎ በኔትወርኩ ላሉት ዕቃዎች ሁሉ ይጮሃል፣ ባለቤቱ ብቻ «የኔ ነው፣ ማኬ ይኸው» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ለጥቂት ጊዜ መዝግቦ ይይዘዋል። አርፕ ማለት ይሄው ነው።

አንተም እየው። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ping ብለህ የፕሪንተሩን አይፒ ጻፍ፤ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ እዚያው በእንግሊዝኛ ፊደል አርፕ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤ (arp -a) ብለህ ጻፍ። በፕሪንተሩ አይፒ ትይዩ የሚመጣውን ማክ ከፕሪንተሩ ማክ ጋር አስተያይ። ካልገጠመ አይፒውን ሌላ ዕቃ ወስዶታል። እኛ ጋ የደንበኛ ስልክ ነበር! ራውተሩ (አይፒ የሚያድለው የኢንተርኔት ሳጥን) ውስጥ ገብተህ ለፕሪንተሩ ቋሚ አይፒ ያዝለት።